ስለ አንድ የሽሮ ሜዳ ሸማኔና ስለ ጠፈር መንገደኞች

ሰው በእጁ ሥራ ይመዘናል የሚል ልማድ ባገራችን ከጥንት ጀምሮ ስለ ኖረ፥ ሸማኔ ስለ ሸማ፥ ገበሬ ስለ እርሻ፥ ካህን ስለ ቅዳሴ የተናገረ እንደ ሆነ ሁሉም ያደምጠዋል፤ ከዚያ ወጥቶ ስለ ሌላ ነገር የተናገረ እንደ ሆነ ግን «ይህ ደግሞ ምን አገባው» ይባላል። ይህን የምጽፈው እኔም ከዚህ ልማድ ነጻ አልነበርሁም። ዛሬ የማቀርበው ቃል ስለ አንድ ሽማግሌ ሲሆን፥ በውስጡ የራሴ ጥፋት ስላለበት፥ ክቡራን አንባቢዎች በትዕግሥት እንዲመለከቱልኝ እለምናለሁ።

ሽሮ ሜዳ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ በጉለሌ የምትገኝ ሠፈር ናት። ከሹማምንት ወገን ለጥምቀት ወይም ለፋሲካ የቤተ ሰቡን ልብስ ሊገዛ ወደዚያ ያልወጣ ጥቂት ነው፤ ካህናቱም ነጠላቸውንና ጋቢያቸውን ከዚያ ይሸምታሉ። ነገር ግን በመንገዱ ግራና ቀኝ የተሰቀለውን ሸማ አይቶ የሚመለስ ሰው፥ ከሱቁ ጀርባ በጠባብ ቤት እግሩን ወደ ጉድጓድ ሰድዶ ከማለዳ እስከ ማታ የሚወረውረውን ሸማኔ አያየውም። ከዚያው ቦታ ቀና ብሎ የተመለከተ ደግሞ ተራራውን ያያል። በተራራው ላይ የእንጦጦ ማርያምና የእንጦጦ ራጉኤል አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ በዚሁ ተራራ ላይ ከባሕር ወለል 3200 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፥ እያንዳንዳቸው የ1 ሜትር መስተዋት ያለው መነጽር የያዙ ሁለት ጉልላቶች ቆመዋል፤ ይኸውም የእንጦጦ የኅዋ መመልከቻ ጣቢያ ነው። ነገሬ በጉድጓዱና በጉልላቱ መካከል ነው።

ሽማግሌው ስማቸው እንዳይጻፍ ስለ ለመኑኝ አልጽፈውም። ዕድሜያቸው ወደ 80 የተጠጋ፥ ከጋሞ ደጋ ከዶርዜ ወገን የሆኑ፥ በልጅነታቸው ከአጎታቸው ጋር ወደ አዲስ አበባ መጥተው በሽሮ ሜዳ ሽመና የተማሩ ሰው ናቸው። ሚያዝያ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ዩሪ ጋጋሪን የተባለው የ27 ዓመት የሶቪየት መኰንን ከሰው ልጅ ሁሉ ቀድሞ ወደ ጠፈር በወጣ ጊዜ፥ እርሳቸው የ12 ወይም የ13 ዓመት ልጅ ሆነው ማግ ያጠነጥኑ ነበር። በዚያ ሳምንት አንድ ደብተራ ያዘዘውን ጋቢ ሊወስድ ወደ አጎታቸው ቤት መጥቶ፥ የሰማውን ወሬ ለሸማኔዎቹ ነገራቸው። ሸማኔዎቹ ሳቁ። አጎትየውም «ይሁን ወጣ እንበል፤ ሲመለስ ግን በምን ወረደ?» ብለው ጠየቁ። ደብተራው መልስ አልነበረውም። ልጁ ግን ይህን ጥያቄ በልቡ ይዞ አደረ፤ ከዚያም ዕድሜውን ሁሉ አልተወውም።

ለጥያቄው መልስ ያገኘው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ጋጋሪን በሞስኮ ሰዓት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ተነሥቶ፥ ምድርን አንድ ጊዜ ዞሮ፥ ከአንጎላ ጠረፍ አካባቢ ጀምሮ በአፍሪካ ሰማይ ላይ ቁልቁል እያለ፥ 108 ደቂቃ በሚያህል ጊዜ ውስጥ ተመልሷል። የሞስኮ ሰዓትና የእኛ ሰዓት አንድ ነውና፥ በሽሮ ሜዳ ሸማኔዎቹ የጠዋቱን ሥራ ጀምረው ገና ምሳ ሳይደርስ ነገሩ ተፈጽሞ ነበር ማለት ነው። ወደ ምድር 7 ኪሎ ሜትር ያህል በቀረው ጊዜም ከመንኮራኩሩ ተፈናጥሮ ወጥቶ በጃንጥላ ወረደ። የሶቪየት መንግሥት ይህን ለብዙ ዓመታት ሰውሮ፥ በመንኮራኩሩ ውስጥ ሆኖ እንደ ወረደ አስነግሯል። ሽማግሌው ይህን ባጫወቱኝ ጊዜ ፊታቸው በራ። «አየህ ልጄ፥ አጎቴ የጠየቀው ጥያቄ መልሱ ከቤታችን ነበር። ያወረደው ጨርቅ ነው» አሉኝ።

እኔ በቆሎ ትምህርት ቤት ያደግሁ ሰው ነኝ። ባሕረ ሐሳብ ስማር አበቅቴና መጥቅዕ ቆጥሬ፥ በመጽሐፈ ሄኖክ ስለ ፀሐይና ስለ ጨረቃ መስኮቶች የተጻፈውን ሰምቼ፥ ሰማይን በቍጥር የማውቀው ይመስለኝ ነበር። ሰው በሥጋው ወደዚያ ይወጣል የሚለው ወሬ ግን የባቢሎንን ግንብ ያሳስበኝ ስለ ነበረ፥ ሰምቼ አላልፈውም ማለት እንጂ ወድጄ አልሰማሁትም። ስለዚህ ሽማግሌው ሐምሌ 14 ቀን 1961 ዓ.ም. ንጋት ላይ ያደረጉትን በነገሩኝ ጊዜ በመጀመሪያ ፈገግ ብዬ ነበር።

በዚያ ሌሊት፥ በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ሲሆን፥ ኒል አርምስትሮንግ የተባለው አሜሪካዊ በጨረቃ ላይ ረገጠ። እርሳቸው ያን ጊዜ የ21 ዓመት ጐልማሳ ነበሩ። ከጎረቤት ራዲዮ ወሬውን እየጠበቁ አድረው፥ የኪዳን ደወል ሲደወል ወደ ደጅ ወጥተው ቀና አሉ። ሐምሌ ነውና ሰማዩ በደመና ተሸፍኗል። «ደመናው ባይኖርም አላያትም ነበር፤ የስድስት ቀን ጨረቃ ናት፥ በእኩለ ሌሊት ገደማ ጠልቃለች። ቢሆንም ወጣሁ» አሉኝ። ወደ ቤቴ ተመልሼ የዚያን ዓመት ጨረቃ ቆጥሬ ብመለከተው ነገሩ እንዳሉት ሆኖ ተገኘ። ፈገግታዬ ያን ጊዜ ጠፋ። ባሕረ ሐሳብ ተምሬ የጨረቃን ዕድሜ ሳልጠይቅ የሳቅሁት እኔ ነኝ፤ ሳይማር ያወቀው እርሳቸው ናቸው።

ፊደል የቆጠሩት በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በተጀመረ ጊዜ፥ ዕድሜያቸው 30 ካለፈ በኋላ ነው። ሌላው ደብዳቤ ለመጻፍና ስሙን ለመፈረም ሲማር፥ እርሳቸው ስለ ጠፈር መንገደኞች የሚጻፈውን ሌላ ሰው ሳይለምኑ ለማንበብ ተማሩ። ከዚያ በፊት ግን መዝገባቸው ብራና ወይም ወረቀት አልነበረም። በቤታቸው ሣጥን ውስጥ የማይሸጥ አንድ ነጠላ አለ። በጥለቱ ላይ 12 ወርቅማ መሥመሮች ተሠርተውበታል፤ እነዚህ በጨረቃ ላይ የረገጡት 12 ሰዎች ናቸው። የመጨረሻው መሥመር ታኅሣሥ 5 ቀን 1965 ዓ.ም. ከጨረቃ ለተነሣው ለዩጂን ሰርናን የተሠራ ነው። በሌላው ጫፍ ጥቁር ክር አለ፤ ቍጥሩም 21 ነው።

ስለ ጥቁሩ ክር ጠየቅኋቸው። እንደ ስንክሳር በቀን በቀኑ ነገሩኝ። ጥር 19 ቀን 1959 ዓ.ም. ገና በምድር ላይ ሳሉ ለፈተና በተዘጋው ክፍል ውስጥ በእሳት የሞቱት ሦስት አሜሪካውያን፤ በዚያው ዓመት ሚያዝያ 16 ቀን የሞተው ሶቪየታዊው ቭላዲሚር ኮማሮቭ፤ ሰኔ 23 ቀን 1963 ዓ.ም. ሲመለሱ አየሩ ከመንኮራኩራቸው አፈትልኮ የሞቱት ሦስቱ፤ ጥር 20 ቀን 1978 ዓ.ም. በተነሡ በ73 ሴኮንድ ውስጥ ቻሌንጀር ከተባለው መንኮራኩር ጋር የጠፉት ሰባቱ፥ ከነርሱም አንዲት የትምህርት ቤት መምህር፤ ጥር 24 ቀን 1995 ዓ.ም. በኮሎምቢያ ሲመለሱ የተቃጠሉት ሰባቱ። ሁሉንም ከተናገሩ በኋላ ወደ ኮማሮቭ ተመለሱ። የኮማሮቭ ጃንጥላ በትክክል ሳይዘረጋ፥ መጠባበቂያውም ተጠላልፎ፥ ከነመንኮራኩሩ ከምድር ጋር ተጋጭቶ ሞተ። «ክር ተጠላልፎበት ሰው ሲሞት፥ ለሸማኔ ከሁሉ የባሰ ነው» ብለው ዝም አሉ።

ከዚህ በኋላ የሰማሁት ለእኔ አዲስ ነገር ስለ ነበረ፥ በመጻሕፍት እየመረመርሁ እውነት መሆኑን አረጋግጫለሁ። ወደ ጨረቃ የሄዱት ሰዎች የለበሱትን ልብስ የሰፉት በዴላዌር አውራጃ በዶቨር ከተማ የሚገኙ፥ ቀድሞ የሴቶች የውስጥ ልብስ በሚሠራ ኩባንያ የሚሠሩ ሴቶች ናቸው። ልብሱ 21 ድርብ ነበረው። ስፌቱ የጸጕር ያህል ቢዛነፍ ልብሱ ይጣል ነበር፤ በጨረቃ ላይ የቆመ ሰው ነፍሱ በዚያ ስፌት ላይ ተንጠልጥላለችና። ከ1959ኙ ቃጠሎ በኋላም የላይኛው ሽፋን እሳት እንዳይበላው ከመስታወት ክር ተሸመነ። ከሁሉ የሚያስደንቀው ደግሞ መንኮራኩሩን የሚመራው የሒሳብ መሣሪያ ነው። ትእዛዙ ሁሉ የተያዘው በጥቃቅን የብረት ቀለበቶች ውስጥ በሚያልፍ ቀጭን ሽቦ ነበር፤ ሽቦው በቀለበቱ ውስጥ ካለፈ አንድ ማለት ነው፥ በውጭ ካለፈ ምንም ማለት ነው። ይህን በማሳቹሴትስ በዋልተም ከተማ በእጃቸው እየሸመኑ የሠሩት ሴቶች ሲሆኑ፥ ከነርሱ አንዳንዶቹ ቀድሞ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሠሩ ነበሩ። ሽማግሌው ይህን ለማስረዳት ወደ ድራቸው ጠቁመው «ክሩ ከላይ ነው ወይስ ከታች? ሌላ ጥያቄ የለም። እኔም የማውቀው ይህንኑ ነው» አሉ።

አሜሪካውያን ከ1973 እስከ 2003 ዓ.ም. ሲያመላልሱት የነበረው ክንፍ ያለው መንኮራኩር በእንግሊዝኛ የተጠራበት ስም፥ በሸማኔ ቤት ከወዲያ ወዲህ የምትመላለሰው የመወርወሪያ ስም ነው። ይህን የነገርኋቸው እኔ ነኝ፤ ከእርሳቸው ብዙ ስማር ያስተማርኋቸው ይህን አንድ ነገር ብቻ ነው። መወርወሪያቸውን አንሥተው ብዙ ጊዜ ገለባብጠው ተመለከቷት። በእኛ ቋንቋ ያለው ስያሜም ለካህናት አንባቢዎቻችን እንግዳ አይደለም። ጠፈር የምንለው በኦሪት ዘፍጥረት በሁለተኛው ቀን የተፈጠረው ጠፈር ነው፤ መንኮራኩርም ሕዝቅኤል በኮቦር ወንዝ አጠገብ ያየው ነው። አዲሱን ነገር ለመጥራት ባስፈለገ ጊዜ ቃሉ ከመጽሐፍ ቤት ተገኘ። ስያሜውን ላወጡት ሰዎች ምስጋና ይገባቸዋል፤ ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ የባዕድ ቃል እንዳለ የሚገለብጡት እንዲህ ቢያደርጉ በወደድሁ።

አሁን ወደ ጥፋቴ እመጣለሁ።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ማለዳ ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋን የምድር መመልከቻ ሳተላይት በቻይና አገር ከታይዩዋን ወደ ሰማይ አስወነጨፈች፤ ክብደቷ 70 ኪሎ ግራም ያህል ነበር። ሹማምንትና ጠበብት በእንጦጦ ጣቢያ ተሰብስበው ነገሩን ይከታተሉ ነበር። በ1996 ዓ.ም. የኅዋ ሳይንስ ማኅበር ሲቋቋም «ድኻ አገር ከሰማይ ምን አላት» የሚል ተቃውሞ እንደ ነበረ ለሚያስታውስ ሰው ቀኑ ታላቅ ቀን ነበር። በእኔ እጅ ተዘጋጅቶ በወጣ አንድ ጽሑፍ ውስጥም «ሳተላይቲቱ ከምድር ስበት ወጥታ ስበት በሌለበት ኅዋ ትንሳፈፋለች፤ የጠፈር መንገደኞችም የሚንሳፈፉት ስለዚሁ ነው» የሚል ቃል ገባ።

ከጥቂት ቀን በኋላ አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ወደ መሥሪያ ቤቴ መጥተው፥ በእርሳስ የተጻፈ ሁለት ገጽ ወረቀት ሰጡኝ። ጽሑፉ ስሕተት እንዳለበትና እንዲታረም የሚለምን ነበር። «አባቴ፥ ሥራዎ ምንድር ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። «ሸማኔ ነኝ» አሉ። «እንመለከተዋለን» ብዬ አሰናበትኋቸው። ወረቀቱን በመሳቢያ ውስጥ አኖርሁት። አላነበብሁትም። ሹማምንት ወንድሞቼ «እንመለከተዋለን» የሚለው ቃል በመሥሪያ ቤት ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቁታልና አላብራራውም።

መሳቢያውን ሳጸዳ ወረቀቱን ያገኘሁት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ቆሜ አንብቤው ተቀመጥሁ። የተጻፈው በዚህ ዓይነት ነበር፦ ከእንጦጦ ራስ ላይ ቆሞ ድንጋይ የሚወረውር ሰው ቢኖር፥ ድንጋዩ ከተራራው ሥር ይወድቃል። ጕልበት ቢጨምር ሽሮ ሜዳ ይደርሳል፤ ከዚያም ቢጨምር ከአቃቂ ያልፋል። ድንጋዩ በመጀመሪያይቱ ሴኮንድ የሚወድቀው 5 ሜትር ያህል ነው። ምድርም ክብ ናትና፥ በ8 ኪሎ ሜትር ርቀት 5 ሜትር ያህል ጐብጣ ዝቅ ትላለች። እንግዲህ አየር ባይከለክለውና በሴኮንድ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ቢወረወር፥ ድንጋዩ ይወድቃል፥ ምድርም ከሥሩ ትሸሻለች፤ ሁልጊዜ እየወደቀ ከቶ አይደርስም፥ ዞሮም ከጀርባ ወደ ወርዋሪው ይመጣል። በዚያ ከፍታ ስበት የለም ማለት ስሕተት ነው። ስበት ባይኖርማ ሳተላይቲቱ ቀጥ ብላ ሄዳ በጠፋች ነበር። ሰዎቹ የሚንሳፈፉት ከነቤታቸው አብረው ስለሚወድቁ ነው።

ይህን ምሳሌ የእንግሊዙ ሊቅ ኢሳቅ ኒውተን ከ300 ዓመት በፊት በተራራ ላይ በቆመ መድፍ አስረድቶታል። እኔ ግን ከኒውተን አልተማርሁትም፤ በመሳቢያዬ ውስጥ ሁለት ዓመት ከተኛ የሸማኔ ወረቀት ተማርሁት። ስለዚህ ለአንባቢዎቼ ያለብኝን ዕዳ ዛሬ እከፍላለሁ፦ ሰዎች የሚኖሩበት ዓለም አቀፍ የጠፈር ጣቢያ 400 ኪሎ ሜትር በሚያህል ከፍታ ሲዞር፥ በዚያ ያለው የምድር ስበት በመሬት ላይ ካለው ከመቶ 90 እጅ ገደማ ነው፤ ሳተላይታችን በወጣችበት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ከፍታም ከመቶ 80 እጅ ያልፋል። ቀድሞ የተጻፈው ስሕተት ነበር፤ ያረሙትም እኒህ ሽማግሌ ናቸው።

ወረቀቱን ይዤ ሽሮ ሜዳ ወጥቼ ይቅርታ በጠየቅሁ ጊዜ ስለ ራሳቸው አንድ ቃል አልተናገሩም። «ስሜ አይጻፍ፤ ነገሩ ይታረም። ልጆች ያነቡታል» አሉኝ። ልጆች ያሉት በተለይ የልጃቸውን ልጅ ነው። የ16 ዓመት ልጅ ናት፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ማግ ታጠነጥንላቸዋለች። ሽመናው እንደ ቀድሞው ቤት አያቆምም፤ ከባሕር ማዶ በማሽን ታትሞ የሚመጣው የጥበብ አምሳያ በርካሽ ስለሚሸጥ፥ አራት ቀን የተደከመበት ነጠላ ከጎኑ ተሰቅሎ ገዢ ያጣል። ልጅቱ በሒሳብ ብርቱ ናት። በተራራው ላይ ወዳሉት ጉልላቶች ገብታ መሥራትን ትመኛለች፤ ዘመዶቿ ግን «ከሸማኔ ቤት ወጥተሽ?» ይሏታል። አያቷ ይህን ሲሰሙ መልስ አይሰጡም፤ ሣጥኑን ከፍተው ነጠላውን ያሳዩአታል።

ከወር በፊት አንድ ምሽት ከነርሱ ጋር ነበርሁ። ልጅቱ የጠፈር ጣቢያው በአዲስ አበባ ሰማይ የሚያልፍበትን ሰዓት ከስልኳ አግኝታ ነገረችን። ጣቢያው በሰዓት 28 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል እየሄደ ምድርን በ90 ደቂቃ ይዞራል፤ ከጥቅምት 23 ቀን 1993 ዓ.ም. ጀምሮም ሰው ተለይቶት አያውቅም። ከፍታው ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ ያለውን የመኪና መንገድ ወደ ላይ ቢያቆሙት ያህል ነው፤ ሩቅ አይደለም። እየጠበቅን ሳለን ሽማግሌው ጨዋታ አመጡ። «በዚያ የሚኖር ሰው በአንድ ቀን 16 ጊዜ ፀሐይ ትወጣለታለች ይላሉ። ካህን ቢሄድ ኪዳን የሚያደርሰው በየትኛው ጧት ነው?» አሉኝ። በጣቢያው የሚሠራበት የግሪንዊች ሰዓት ስለ ሆነ በዚያ ይቆጠራል ብዬ መለስሁ፤ መልሱ ግን ለራሴም አላረካኝም። ከሊቃውንት አንባቢዎቻችን የተሻለ መልስ ያለው ቢጽፍልን ደስ ይለናል፤ ወረቀቱም በመሳቢያ አይተኛም።

ሽማግሌው ዓይናቸው በሞራ ተጋርዶ ከብርሃን በቀር እምብዛም አያዩም። እኔ ይህን እስከዚያ ምሽት አላወቅሁም ነበር፤ ጥለቱን የሚሠሩት በእጃቸው ዳሰሳ ነው። ልጅቱ «አባባ፥ ወጣች! በምዕራብ በኩል ናት» ባለች ጊዜ ፊታቸውን ወደዚያ መለሱ። እኔም አየኋት፤ እንደ አውሮፕላን መብራቷ አይብለጨለጭም፥ ድምፅም የላትም፤ ከከዋክብት ሁሉ ደምቃ በዝግታ ወደ እኛ መጣች። ሽማግሌው በአፋቸው ውስጥ ይቈጥሩ ነበር። ቀኝ እጃቸው በጋቢው ሥር ከወዲያ ወዲህ ይንቀሳቀስ ነበርና፥ በመወርወሪያ ምት እንደሚቈጥሩ ገባኝ። ከራሳችን በላይ አልፋ ወደ ምሥራቅ ስታዘነብል፥ እኔ ገና እያየኋት ሳለሁ፥ እጃቸውን አቆሙ።

«አሁን ወደ ምድር ጥላ ትገባለች» አሉ።

ቀይ መሰለች፥ ደበዘዘች። ልጅቱም «ገባች፥ አባባ» አለቻቸው። ብርድ ስለ ነበረ ክንዳቸውን ይዛ ወደ ቤት አስገባቻቸው።